ከአበባው በፊት ቃል ኪዳኑ

(በአንድ አይሁዳዊ ወጣትና በአንዲት ካቶሊካዊት ወጣት መካከል፣ በአረንጓዴ ሜዳ ላይ ሊደረግ ስለ ታሰበ ሠርግ የቀረበ ጥናት)



በዚህ በአሜሪካ ስንኖር በየሥራ ቦታችንና በየትምህርት ቤታችን ሃይማኖታቸው ከእኛም ሆነ እርስ በርሳቸው ከተለየ ሰዎች ጋር እንውላለን። ባለፈው የጥናት ጊዜያችን አንዲት እኅታችን ከዚሁ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። በሥራ ቦታዋ የምትቀርባት ካቶሊካዊት ወጣት አይሁዳዊ ወጣት ልታገባ ነው። ሁለቱ እጮኛሞች ሠርጉ በአዳራሽ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በኒው ዮርክ ግዛት በሐድሰን ወንዝ ሸለቆ፣ የዛፉ ቅጠል ቀይና ቢጫ በሚሆንበት በኦክቶበር ወር፣ ከሰማይ በታች እንዲሆንላቸው ወስነዋል። ልጅቱም እኅታችንን «ዝግጅቱን አብረሽኝ አስቢ» ብላ ለመነቻት። እኅታችን ወደ ክፍላችን መጥታ፣ «የትኛው አበባ፣ ምን ዓይነት ዳስ፣ የትኛው ንባብ የሁለቱንም ወገን ዘመዶች ሳያስቀይም ይስማማል?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም ነገሩ ቀላል መስሎን ጀመርነው። ነገር ግን መጻሕፍቱን እያገላበጥን፣ የሚያውቁትንም እየጠየቅን ስንሄድ አበባው ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ሆኖ አገኘነው። «ማን ያጋባቸዋል? በየትኛው ቀን? ቃሉን በምን ሥርዓት ይሰጣሉ? ልጅ ሲወለድስ ምን ይሆናል?» የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተመረጠ አበባ ሁሉ መሠረት ሳይጣል የተሰቀለ መጋረጃ ነው። ስለዚህ ያጠናነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሁለቱ ወገኖች ያለፉበት መንገድ

በመጀመሪያ የእነዚህ ሙሽሮች ቅድመ አያቶች እንዲህ ያለውን ሠርግ ለማሰብ እንኳ ያልቻሉበትን ምክንያት መረዳት ይገባናል። በ306 ዓ.ም. አካባቢ በእስፓኝ አገር በኤልቪራ የተሰበሰበው ጉባኤ ክርስቲያኖች ሴቶች ልጆቻቸውን ለአይሁድ እንዳይድሩ ከልክሎ ነበር። በ388 ዓ.ም. ደግሞ የሮም መንግሥት ሕግ በአይሁዳዊና በክርስቲያን መካከል የሚደረገውን ጋብቻ እንደ ምንዝር ቈጠረው። በአይሁድም በኩል ከአሕዛብ ጋር መጋባት በኦሪት የተከለከለ ነው (ዘዳ. 7፥3)። ዕዝራም ከምርኮ በተመለሰው ሕዝብ ላይ ይህንኑ አጥብቆታል (ዕዝ. 9 እና 10)። ሞዓባዊቱ ሩት የዳዊት ቅድመ አያት መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሩት አስቀድማ የኑኃሚንን አምላክ እንደ ተቀበለች መርሳት አይገባንም።

ከዚህም በላይ በአውሮፓ በተለያዩ ዘመናት ብዙ አይሁድ በግድ እንዲጠመቁ ተደርገዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ስድስት ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁድ በናዚዎችና በተባባሪዎቻቸው ተገድለዋል። እንግዲህ አንድ አይሁዳዊ አባት ልጁ በካቶሊክ ካህን ፊት ሲቆም ቢያይና ፊቱ ቢጠቍር፣ «የሰው ጥላቻ አለበት» ብለን መፍረድ አይገባንም። «ከእንግዲህ ከእኛ ወገን ማን ይቀራል?» የሚል ሐዘን ይዞት ሊሆን ይችላል። የሙሽራይቱ እናትም «የልጅ ልጄ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው» ብላ ብታለቅስ ለእርሷ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል በዘመናችን በሁለቱ መካከል ታላቅ ለውጥ ሆኗል። በ1965 ዓ.ም. ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫው፣ በክርስቶስ መከራ ምክንያት በዚያ ዘመን የነበሩትን አይሁድ ሁሉ ሳይለዩ፣ ዛሬ ያሉትንም አይሁድ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይገባ አስታወቀ። በ1986 ዓ.ም. ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የሮምን ታላቅ ምኵራብ ጐበኙ። በአሜሪካ ያሉት አይሁድም ከሌላ ወገን ጋር መጋባታቸው እየበዛ ሄዷል። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2020 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በዚያ አገር ካገቡት አይሁድ መካከል 42 ከመቶ የሚሆኑት አይሁዳዊ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ አላቸው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ካገቡት መካከል ደግሞ ቍጥሩ 61 ከመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የእኅታችን ወዳጅ ጥያቄ የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ለ. ቃሉ በማን ፊት ይሰጣል?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1983 ዓ.ም. ባወጣችው ሕገ ቀኖና መሠረት፣ ካቶሊካዊት የሆነች ሴት ያልተጠመቀ ሰው ለማግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ያለዚህ ፈቃድ የተደረገ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያኒቱ ዘንድ የጸና አይደለም (ቀኖና 1086)። ፈቃዱ በቁምስናዋ ቆሞስ በኩል ከኤጲስ ቆጶሱ ይጠየቃል። ብዙ አህጉረ ስብከትም ዝግጅቱ ከሠርጉ ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ እንዲጀመር ያዝዛሉ።

ስለ ቦታው ያገኘነው ግን አስደነቀን። ብዙ ሰው ካቶሊካዊ ከቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውጭ ከቶ ሊያገባ አይችልም ብሎ ያስባል። ሁለቱም የተጠመቁ ሲሆኑ መደበኛው ቦታ በእርግጥ የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን በካቶሊካዊና ባልተጠመቀ ሰው መካከል የሚደረገው ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሌላ ተገቢ ቦታ ሊፈጸም እንደሚችል ሕጉ ይናገራል (ቀኖና 1118)። «ተገቢ ቦታ» የሚለውን የሚተረጕመው ግን የየሀገረ ስብከቱ መመሪያ ነው፤ ሜዳን የማይፈቅዱም አሉ። ስለዚህ ለሜዳው ቀብድ ከመክፈል በፊት ቆሞሱን መጠየቅ ይገባል። ብዙዎች ይህን ገልብጠው፣ ቀብዱን ከፍለው ካበቁ በኋላ ፈቃድ ሲከለከሉ በቤተ ክርስቲያን ላይ ይቈጣሉ።

በአይሁድ በኩል ያለው ሥርዓት አንድ ወጥ አይደለም። ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁድ ረቢዎችና ኮንሰርቫቲቭ የሚባሉት ረቢዎች እንዲህ ያለውን ጋብቻ አያጋቡም። ሪፎርም የሚባለው ወገን የረቢዎች ማኅበር በ1973 ዓ.ም. ባደረገው ውሳኔ ይህን ጋብቻ መቃወሙን ገልጾ፣ አፈጻጸሙን ግን ለእያንዳንዱ ረቢ ኅሊና ተወው። ከዚህም የተነሣ ከሪፎርም ረቢዎች መካከል የሚያጋቡም የማያጋቡም አሉ። ከሚያጋቡትም መካከል ከካህን ጋር በአንድ ዳስ ሥር መቆምን የማይወዱ ይገኛሉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልንይዘው የሚገባን ነጥብ ይህ ነው። ካቶሊካውያን «ካህንና ረቢ አንድ ላይ ያጋቡን» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ካህኑ በራሱ ሥርዓት፣ ረቢውም በራሱ ሥርዓት ቃላቸውን እንዲቀበላቸው ነው። ሕገ ቀኖናው ግን ይህን ይከለክላል (ቀኖና 1127)። የጋብቻው ፈቃደኝነት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሥርዓት ብቻ ይገለጻል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ሃይማኖታዊ የቃል መስጠት ሥርዓት አይደገምም። ስለሆነም መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ካህኑ ወይም ዲያቆኑ ቃሉን ይቀበላል፤ ረቢ ቢገኝ ጸሎት ያደርሳል፣ ይመክራል። ሁለተኛው፣ ኤጲስ ቆጶሱ ከመደበኛው የአፈጻጸም ሥርዓት ነጻ የሚያደርግ ተጨማሪ ፈቃድ ሲሰጥ ረቢው ቃሉን ይቀበላል፤ ካህኑም ተገኝቶ ያነብባል ወይም ይባርካል። አጋቢ መስለው ሁለት ሰዎች ቢቆሙም ቃሉን የሚቀበለው አንዱ ነው።

በክፍላችን አንድ ወንድማችን፣ «ይህ የሕግ ማጥበቅ አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ተወያይተን የደረስንበት ግን፣ ቃል ሁለት ጊዜ ከተሰጠ የመጀመሪያው ቃል አልበቃም ማለት ይሆናል የሚል ነው። ሕጉ የቃሉን ክብር ለመጠበቅ የቆመ ነው።

ሐ. ቀኑና ሰዓቱ

እጮኛሞቹ አስቀድመው ያሰቡት ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ይህ በአሜሪካ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከዓርብ ፀሐይ ግባት እስከ ቅዳሜ ምሽት ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ ሰንበት ስለሆነ አይሁድ በዚያ ጊዜ ሠርግ አያደርጉም። በሴፕቴምበርና በኦክቶበርም የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ የማስተስረያ ቀንና የዳስ በዓል ይውላሉ። በዓላቱ በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል። በዳስ በዓል ሳምንትም ሠርግ አይደረግም፤ የበዓሉ ደስታና የሠርጉ ደስታ እንዳይደባለቁ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ክብር እንዲሰጠው ነው። ወደ ፀደይ ብናዞረው በፋሲካና በሰባተኛው ሳምንት በዓል መካከል ያለው ጊዜ በብዙዎች ዘንድ ሠርግ የሌለበት ነው። በበጋም መቅደሱ የፈረሰበት መታሰቢያ ከመድረሱ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት የሐዘን ናቸው። በካቶሊካውያን በኩል በስቅለት ዓርብና በቅዳሜ ሹር ጋብቻ አይፈጸምም፤ በዐቢይ ጾም ሲደረግም ጌጡ መጠነኛ እንዲሆን ይመከራል። እኛ በጾም ወራት ሠርግ እንደማይደገስ ስለምናውቅ ይህን ስንሰማ አልከበደንም።

ስለዚህ የዳስ በዓል ካለፈ በኋላ የሚውል እሑድ ተስማሚ ሆኖ አገኘነው። በሐድሰን ሸለቆ በኦክቶበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ቢጀመር ሁሉ በብርሃን ይፈጸማል። ብርድ ስለሚኖር ለሽማግሌዎች ወንበርና ብርድ ልብስ፣ ለዝናብም ድንኳን ሊዘጋጅ ይገባል።

የመንግሥቱንም ሕግ መርሳት አይገባም። በኒው ዮርክ ግዛት የጋብቻ ፈቃድ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ይወጣል። ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት ካላለፈ ጋብቻው ሊፈጸም አይችልም፤ ፈቃዱም የሚያገለግለው ለ60 ቀን ነው። ቦታው በብሔራዊ ፓርክ አስተዳደር ሥር ከሆነ ደግሞ ለቦታው የተለየ የመጠቀሚያ ፈቃድ ያሻል።

መ. ዳሱ

ለአገራችን ሰው በዳስ ሥር መዳር እንግዳ ነገር አይደለም። የአይሁድ ሠርግም የሚፈጸመው «ሑፓ» በሚባል ዳስ ሥር ነው። ይህም በአራት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ አንዳንዶች የጸሎት ልብሳቸውን ይወጥሩበታል። ጐኑ በአራቱም ማዕዘን ክፍት ነው፤ ለእንግዳ ክፍት የነበረውን የአብርሃምን ድንኳን ያስታውሳል ይባላል። በብዙዎቹም ዘንድ ዳሱን ከሰማይ በታች መትከል የቈየ ልማድ ነው፤ ለአብርሃም ዘሩ እንደ ሰማይ ከዋክብት እንደሚበዛ የተሰጠው ተስፋ መታሰቢያ ነው (ዘፍ. 22፥17)። እንግዲህ «ከሰማይ በታች እንጋባ» የሚለው አሳብ አዲስ ፋሽን ብቻ አይደለም፤ በአንዱ ወገን አያቶች ዘንድ የታወቀ ነበር።

በታልሙድም ውስጥ ደስ የሚል ነገር አገኘን። ቤታር በምትባለው ከተማ ወንድ ልጅ ሲወለድ ዝግባ፣ ሴት ልጅ ስትወለድ ደግሞ ከጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ይተከል ነበር። ልጆቹ አድገው ሲጋቡ ከእነዚያው ዛፎች ተቈርጦ የሠርጉ ዳስ ይሠራ ነበር ይባላል። ዳሱ በአንድ ቀን ከገበያ የሚገዛ ሳይሆን ወላጆች ለብዙ ዓመት ሲያጠጡት የኖሩት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ለእኅታችን የሰጠናት አሳብ ይህ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ምሰሶዎቹ ከወደቀና ከደረቀ እንጨት ይሁኑ፤ ለአንድ ቀን ጌጥ ሲባል ሕያው ዛፍ አይቈረጥ። አበባውም ከነሥሩ በሸክላ የተተከለ ይሁንና ከሠርጉ በኋላ ለሁለቱ እናቶች ይሰጥ። ይህ የሁለቱንም ሃይማኖት ትምህርት ያከብራል። አይሁድ የፍሬ ዛፍን በጦርነት ጊዜ እንኳ አትቍረጥ ከሚለው ትእዛዝ (ዘዳ. 20፥19) በመነሣት ማንኛውንም ነገር በከንቱ ማጥፋት እንደማይገባ ያስተምራሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፓፓ ፍራንሲስም በ2015 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ምድርን መጠበቅ የእምነት ግዴታ መሆኑን ጽፈዋል። ስለ ተፈጥሮ ክብር የሚደረግ ሠርግ ሲያበቃ ሜዳውን በፕላስቲክ ሞልቶ ቢሄድ ግን ራሱን ያፈርሳል።

በአይሁድ ሠርግ መጨረሻ ሙሽራው ብርጭቆ በእግሩ ይሰብራል። ብዙዎች በ70 ዓ.ም. የፈረሰውን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ በማሰብ፣ በታላቅ ደስታም መካከል ሐዘንን ላለመርሳት ነው ብለው ይተረጕሙታል። ሥርዓቱ በሜዳ ስለሚደረግ ብርጭቆው በወፍራም ጨርቅ ይጠቅለል፤ ስብርባሪው በሣሩ ውስጥ ቀርቶ ልጅ ወይም እንስሳ እንዳይወጋ።

አንድ ከባድ ነጥብ እዚህ ላይ ተነሣ። የሙሽራይቱ ዘመዶች በዳሱ ላይ መስቀል እንዲሰቀል ፈለጉ። መስቀል ለእኛ የድኅነታችን ዓርማ ስለሆነ ፍላጎታቸው ይገባናል። ነገር ግን በመስቀል ስም ብዙ ግፍ ለደረሰበት ወገን፣ ከራሱ ዳስ በላይ መስቀል ማየት ምን ስሜት እንደሚያሳድርበትም ማሰብ አለብን። የደረስንበት ምክር ዳሱ እንደ ጥንቱ ዳስ ሆኖ ይቈይ፣ ሙሽራይቱ ግን የአንገት መስቀሏን እንዳታወልቅ የሚል ነው። የሌላውን ዕቃ አንለውጥበት፤ የራሳችንንም አንደብቅ።

ሠ. ንባቡና ጸሎቱ

እንዲህ ባለው ጋብቻ በካቶሊክ ሥርዓት ቅዳሴ አይቀደስም፤ የቃል አገልግሎት ይደረጋል። ይህ ሙሽራውን ለማሳነስ አይደለም፤ አንዱ ሙሽራ ሊቀበለው የማይችለው ማዕድ በሠርጉ ቀን በመካከላቸው እንዳይቆም ነው።

ንባብን በተመለከተ የጋራ የሆነው ብዙ ነው። የፍጥረት መጀመሪያ (ዘፍ. 1)፣ የአዳምና የሔዋን አንድ መሆን (ዘፍ. 2)፣ የርብቃ ጋብቻ (ዘፍ. 24)፣ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 2 ክረምት አልፎ አበባ ስለ መታየቱ የተነገረው፣ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 33 ስለ ሙሽራና ሙሽሪት ድምፅ የሚናገረው ሁሉ ለሁለቱም ቅዱስ መጽሐፍ ነው። በመዝሙረ ዳዊትም ስለ ፍጥረት የሚናገረው 103ኛውና ስለ ቤት በረከት የሚናገረው 127ኛው አሉ። በዕብራውያኑ ቍጥር 104 እና 128 ስለሆኑ አንባቢዎቹ እንዳይሳሳቱ አስቀድሞ መንገር ይገባል። መጽሐፈ ጦቢት በካቶሊካውያን ሠርግ ይነበባል፤ በአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ውስጥ ግን የለም።

ከአይሁድ ወገን በወይን ጽዋ ላይ የሚደርሱት ሰባቱ በረከቶች አሉ። እነዚህም ስለ ፍጥረት፣ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ስለ መፈጠሩና በኤደን ገነት ስለነበረው የመጀመሪያው ደስታ ስለሚያነሡ ከቦታው ጋር ይስማማሉ። ቀለበት ሲደረግ የሚነገረው የጥንቱ ቃል ግን የሙሴንና የእስራኤልን ሕግ የሚጠራ፣ ሁለት አይሁድ ሲጋቡ የሚባል ነው። ስለዚህ ረቢዎች በእንዲህ ያለው ሠርግ ሌላ ቃል ይመርጣሉ። «ክቱባ» የሚባለው የጋብቻ ጽሑፍም እንዲሁ ተስተካክሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና እንዳለ አየን። ማንንም ላለማስቀየም ሲባል የክርስቶስንም ስም፣ የእስራኤልንም ቃል ኪዳን ሁሉ አውጥቶ ስለ ዛፍና ስለ ነፋስ ብቻ መናገር ይቻላል። ይህ ሰላም ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት በዛፉ አይደለም፤ ዛፉን በፈጠረው ነው። ፍጥረት ሁለቱን ሊያገናኝ የሚችለው አንዱን ፈጣሪ ሲያስታውሳቸው ነው። ዛፍ ጥላ ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ካህኑ እንደ ካህን፣ ረቢውም እንደ ረቢ በአጭሩና በአክብሮት ይጸልይ፤ ጸሎቱ የማን እንደ ሆነ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይነገር፤ ያላመነበት ሰው አሜን እንዲል አይገደድ።

ረ. ማዕዱ

የአይሁድን የምግብ ሕግ ለሚጠብቁ ዘመዶች አሳማ፣ እንዲሁም ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት አይቀርብም፤ ሥጋና ወተትም በአንድ ማዕድ አይገናኙም። አጥብቀው ለሚጠብቁት ምግቡ በተፈቀደለት ወጥ ቤት መሠራት አለበት፤ ወይኑም እንዲሁ ልዩ ነው። እኛም አሳማ ስለማንበላ፣ በሠርግ ቤታችንም የጾምና የፍስክ ለየብቻ ስለሚዘጋጅ ይህን ለመረዳት አልተቸገርንም። ቀላሉ መንገድ ሁሉም የሚበላው የአትክልት፣ የእህልና የተፈቀደ ዓሣ ማዕድ ነው። ጕልበትና ገንዘብ ይቈጥባል፤ ማንም በሠርጉ ቀን «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ሳህኑን ገፍቶ አይቀመጥም። የተረፈውን ለችግረኞች ማድረስም አስቀድሞ ይታሰብበት።

ሰ. ልጆቹ

ይህን ክፍል ወደ መጨረሻ ያደረግነው ስለሚያንስ አይደለም፤ ከሁሉ ስለሚከብድ ነው።

ከ1970 ዓ.ም. በፊት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹን ሁሉ በካቶሊክ እምነት ለማሳደግ ሁለቱም ሙሽሮች ቃል እንዲገቡ ትጠይቅ ነበር። ፓፓ ጳውሎስ ስድስተኛ በዚያ ዓመት ባወጡት ደንብና ዛሬ በሚሠራበት ቀኖና 1125 መሠረት ግን ቃል የሚገባው ካቶሊካዊው ወገን ብቻ ነው። ሙሽራይቱ ልጆቿ ሁሉ እንዲጠመቁና በካቶሊክ እምነት እንዲያድጉ የሚቻላትን ሁሉ ለማድረግ በቅንነት ቃል ትገባለች። ሙሽራው ቃል አይገባም፤ ነገር ግን እርሷ ምን ቃል እንደ ገባች በግልጽ እንዲያውቅ ይደረጋል።

በአይሁድ በኩል፣ በኦርቶዶክስና በኮንሰርቫቲቭ ወገኖች ዘንድ ልጅ አይሁዳዊ የሚባለው በእናቱ ነው። ስለዚህ ከካቶሊካዊት እናት የሚወለደው ልጅ በእነርሱ ዘንድ ወደ ሃይማኖቱ በሥርዓት ካልገባ አይሁዳዊ አይባልም። የሪፎርም ረቢዎች በ1983 ዓ.ም. ባደረጉት ውሳኔ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ አይሁዳዊ ቢሆን፣ ልጁም በአይሁድ ሥርዓት ማደጉ በግልጽ ሲታይ፣ አይሁዳዊ ነው ይላሉ። ሊያጋቡ ከሚስማሙት ረቢዎች መካከልም የሚመሠረተው ቤት የአይሁድ ቤት እንዲሆን የሚጠይቁ አሉ።

እንግዲህ አስቡት። ሙሽራይቱ ለቆሞሱ አንድ ቃል ትገባለች፤ ሙሽራው ለረቢው ሌላ ቃል ይገባል፤ ሁለቱ ቃሎች በአንድ ሕፃን ላይ ይገናኛሉ። ሕፃኑ ሲወለድ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል ወይስ ይጠመቃል? አያቶቹ ከየት በኩል ይጠራሉ? ይህን ሳይነጋገሩ ሁለቱም ዝም ብለው ወረቀቱን ቢፈርሙ፣ በሠርጉ ቀን የተደበቀው ጠብ በልደቱ ቀን ይወጣል።

አንዳንዶች «ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» ይላሉ። በእኛ አስተያየት ይህም ራሱ አንድ ምርጫ ነው። ምንም ያልተማረ ልጅ አድጎ የሚመርጠው ከምን መካከል ነው? ቤት ውስጥ ሲጸለይ ያላየ ልጅ የአባቱንም የእናቱንም ጸሎት አያውቅም። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አላገኘንም፤ መልሱንም ልንሰጣቸው አንችልም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው የማይፈጽሙትን ቃል አይግቡ። ቆሞሱንና ረቢውን እውነቱን ይንገሯቸው። ከሁለቱ አንዱ በዚህ ምክንያት «አላጋባችሁም» ቢል፣ በሐሰት ከተገኘ ፈቃድ ይልቅ ያ መልስ ይሻላል።

ሸ. ለእኛ ምን ትምህርት ይሰጠናል?

በቤተ ክርስቲያናችን ተክሊል የሚጸለየው በአንድ እምነት ለጸኑ ሙሽሮች ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ከማያምኑ ጋር በማይመች ቀንበር እንዳንጠመድ አስተምሯል (2ኛ ቆሮ. 6፥14)። ያው ሐዋርያ ግን አስቀድሞ ከማያምን ጋር በትዳር ያለ አማኝ ጓደኛውን እንዳይተው ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 7፥12-14)። ስለዚህ የራሳችንን ሥርዓት አጽንተን ስንይዝ፣ በሌላ መንገድ ላይ ባሉት ላይ የመሳለቅ መብት አልተሰጠንም።

እኅታችንም «ሠርጉን ማገዝ ይገባኛል ወይ?» ብላ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እርሳቸውም በሥርዓቱ ከማይገባት ነገር እንድትጠበቅ፣ በፍቅርና በጕልበት ግን ወዳጇን እንድትረዳ መከሯት። ወንበር መደርደርና አበባ ማጠጣት እምነት መለወጥ አይደለም።

በአገራችን ሠርግ ከመደገሱ በፊት ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹ ወገን ይጠይቃሉ፣ ሃይማኖት ይጠይቃሉ፣ ያስማማሉ፤ ጠላው የሚጠነሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ወጣቶች ግን በዚህ በሰው አገር የራሳችንን ሠርግ ስናስብ እንኳ ከቀሚሱ፣ ከፎቶግራፉና ከመኪናው እንጀምራለን። አንድ እምነት አለን ብለን ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ወላጆች ጡረታ ሳንነጋገር ወደ ተክሊል የምንቀርብ ስንቶች ነን? እነዚያ ሁለት ወጣቶች በሃይማኖት ስለ ተለያዩ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። እኛ ግን አንድ ነን ብለን ሳንጠይቅ የምናልፈው ነገር ኋላ ይጠይቀናል።

እኅታችን ያጠናነውን ለወዳጇ አድርሳለች። እጮኛሞቹ ሠርጉን ከቅዳሜ ወደ እሑድ አዛውረዋል። ለሜዳው ሊከፍሉት የነበረውን ቀብድ አቈይተው ቆሞሱንም ረቢውንም ሊያነጋግሩ ቀጠሮ ይዘዋል። ስለ ልጆቹ ግን እስካሁን አልተስማሙም። ልጅቱ ለእኅታችን እንደ ነገረቻት፣ ከተጫጩ ወዲህ በዚህ ጉዳይ እስከ ሌሊቱ ድረስ ተቀምጠው ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሁለቱም አልቅሰዋል። እኛም ለሁለቱ እውነትን የሚናገር አንደበትና የሚሰማ ልብ እንዲሰጣቸው እንጸልያለን። አበባው ገና አልተመረጠም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የጋብቻ ቃል በሁለት ሥርዓት ሁለት ጊዜ እንዳይሰጥ የተከለከለው ለምን ይመስላችኋል?

2. የሌላውን ወገን ሐዘን ሳናውቅ በሠርግ ላይ ልናደርገው የምንችለው የሚያሳዝን ነገር ምንድን ነው?

3. «ልጁ ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» ለሚል ጓደኛችን በፍቅር ምን እንመልሳለን?

4. እያንዳንዳችን ስለ ወደፊት ትዳራችን ከአበባው በፊት ልንነጋገርባቸው የሚገቡንን አምስት ነገሮች ጽፈን በሚመጣው እሑድ ይዘን እንምጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።